ባንኩ ሐራጁን ወደ ኦንላይን ሊያዞረው ነው፤ እኛ አጫራቾቹስ ወዴት እንዙር?

እስክሪብቶ_መቺው ፦ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለዚህ ቤት። ከማንበብ በቀር ጽፌ አላውቅም፤ ዛሬ ግን የሆዴን ልተንፍስ።

አንድ የግል ባንክ ውስጥ ብድር ማስመለስ ክፍል ነው የምሠራው። ደብዳቤዬ ላይ ያለው ማዕረግ ረጅም ነው፤ ሲያጥር ግን አጫራች ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ቤት ሸጫለሁ፣ ሲኖትራክ ሸጫለሁ፣ የዘይት መጭመቂያ ሸጫለሁ፣ አንዴ ደግሞ የዳቦ ቤት ዕቃ ከነሊጥ ማቡኪያው።

ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ተጠራንና ከሚቀጥለው በጀት ዓመት ጀምሮ ሐራጁ በሲስተም ይሆናል ተባልን። ተጫራቹ በፋይዳ ቁጥሩ ይመዘገባል፣ ማስያዣው ሂሳቡ ላይ ይታገዳል፣ ከቤቱ ሆኖ ይጨምራል፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ሲስተሙ አሸናፊውን ይናገራል። ስላይድ የሚያሳየን ልጅ "የሰው እጅ የማይገባበት" እያለ ሦስት ጊዜ ደጋገመው። ስድስት ሆነን ተቀምጠን ነበር። ስድስታችንም እጃችንን አየን።

ሥራውን ለማታውቁት፦ ጋዜጣ ላይ፣ አዲስ ዘመን ወይም ሪፖርተር ላይ፣ ያቺን በደቃቅ ፊደል የታጨቀች ሠንጠረዥ አይታችሁ ታውቃላችሁ። የተበዳሪ ስም፣ የንብረት አስያዥ ስም፣ ክፍለ ከተማ፣ የካርታ ቁጥር፣ የቦታ ስፋት፣ መነሻ ዋጋ፣ ቀንና ሰዓት። ከሥሯ ደግሞ የመነሻውን ሩብ በሲፒኦ (ባንክ ባረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ) አስይዙ፣ ያሸነፈ በ15 ቀን ውስጥ አጠናቆ ይክፈል፣ ካልከፈለ ያስያዘው አይመለስም ትላለች። ቀኑ ሲደርስ ሲፒኦ እንመዘግባለን፣ በር እንዘጋለን፣ እኔ መነሻውን እጠራለሁ። መዶሻ ፈረንጅ ፊልም ላይ ነው ያለው። እኔ በእስክሪብቶ ጀርባ ጠረጴዛ እመታለሁ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሁለት ዓመት አይሆነውም፣ የአንድ ነጋዴ ጂ ፕላስ ቱ ቤት ወጣ። መነሻው ዘጠኝ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ። ሰባት ሰው ሲፒኦ አስይዞ ገባ። ጠራሁ። አንዱ አምስት ሺህ ብር ጨመረ። የቀሩት ስድስቱ ጣሪያ ያያሉ። ከሁለት ሚሊዮን ብር በላይ በሲፒኦ አሳስሮ ጣሪያ ሊያይ የሚመጣ ሰው አለ? ኮሪደር ላይ ተስማምተው ነው የገቡት።

አንደኛ ጥሪ ብዬ ሁለተኛውን አላልኩም። ውኃዬን አነሳሁና ቀስ ብዬ ጠጣሁ። ከዚያ ሰነዱን እንደ አዲስ ማንበብ ጀመርኩ፤ አዋሳኞቹን፣ በሰሜን መንገድ፣ በደቡብ የእገሌ ይዞታ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ወጣት እግሩን ያወዛውዛል። ዝም ለማለት የተቀበላት ብር እንዳነሰችው ከእግሩ ታውቋል። ዓይኔን እሱ ላይ ተክዬ "ሁለተኛ ጥሪ" አልኩ። "መቶ ሺህ!" አለ። ማኅበሩ እዚያው ፈረሰ። ቤቱ ከመነሻው ሦስት ሚሊዮን ያህል አልፎ ነው የሄደው፤ ከዕዳው የተረፈውን ባለቤቱ ወሰደ።

እና ጥያቄዬ፦ ሲስተሙ ውኃ ይጠጣል?

ለገሃር_አካባቢ ፦ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡31

ውኃ እንኳ አይጠጣም፤ መብራት ግን ይጠፋበታል ሃሃሃ።

የበረንዳው_ነጋዴ ፦ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡02

ወንድሜ፣ ከሰባቱ አንዱ እኔ ልሆን እችላለሁ። ስም ስለማይታይ በግልጽ ልናገር።

ሐራጅ ላይ ስንገናኝ ፊት ለፊት እንተዋወቃለን። መርካቶ፣ ቃሊቲ፣ ሳሪስ፣ የምንዞረው ሠላሳ አርባ ሰው ብንሆን ነው። ዛሬ አንተን ካስከፈልኩህ ነገ አንተ እኔን ታስከፍለኛለህ። ስለዚህ አንዱ ይገዛል፣ ለሌሎቹ ብር ያካፍላል። ነውር ነው፣ አዎ። ግን ደግሞ ሐራጅ ላይ የተገዛ ቤት ምን እንደሚመስል አጫራቹ አይነግራችሁም። ገንዘቡን ከፍለህ ካርታ በስምህ ይዞርልሃል፤ ስትሄድ ውስጡ ሰው አለ። አሮጊት እናት አልጋ ላይ ተኝተዋል። እኔ አንዱን ቤት ገዝቼ ለመረከብ አሥራ አራት ወር ፈጅቶብኛል። ያ ሁሉ ዋጋው ውስጥ ነው ያለው። ኦንላይን ገብታችሁ ጠቅ ጠቅ ስታደርጉ ያ አይታያችሁም። የመጀመሪያ ዓመት ላይ ብዙ ጀማሪ ይቃጠላል፤ ከዚያ እንደገና እኛው ሠላሳችን እንቀራለን።

እስክሪብቶ_መቺው ፦ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡10

@የበረንዳው_ነጋዴ ድምፅህን የማውቀው መሰለኝ። አሥራ አራት ወሩ እውነት ነው፣ አልክድም።

ጠበቃ_ከልደታ ፦ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡20

ጥቂት የሕግ ነገር ላክል፤ ሁሉንም እዚህ መዘርዘር አይቻልም።

ባንኮች ፍርድ ቤት ሳይሄዱ በመያዣ የያዙትን ንብረት በሐራጅ እንዲሸጡ የፈቀደላቸው አዋጅ ቁጥር 97/1990 ነው። ለተበዳሪው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለባቸው። በሁለተኛው ሐራጅ ላይም ገዢ ከጠፋ ባንኩ ንብረቱን በመጀመሪያው ሐራጅ ግምት ራሱ እንዲወስድ ያስቻለው ደግሞ የ1992ቱ ማሻሻያ፣ 216 ነው። ሐራጁ በድምፅ ይሁን በስክሪን፣ እነዚህ አይለወጡም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅም ከ2012 ጀምሮ አለን፤ መረጃ ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ዋጋ አያጣም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የሐራጅ ክርክር ይዤ ስቆም መጀመሪያ የምጠይቀው ቃለ ጉባኤውን ነው። ማን ነበር፣ ስንት ሰዓት ተጀመረ፣ ማን ስንት አለ፣ ማን ፈረመ። ጉድለት ካለ የፈረመውን ሰው ጠርቼ መጠየቅ እችላለሁ። ተጫራቹ "የመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ላይ ሲስተሙ አላስገባኝም" ብሎ ሲመጣ ማንን ነው የምጠራው? ሰርቨሩን? የባንኩ አይቲ ክፍል የራሱን መዝገብ አትሞ ያመጣና "ችግር የለም" ይላል። ከሳሽ ደግሞ የስልኩን ስክሪን ፎቶ ይዞ ይመጣል። መዝገቡን ከባንኩ ውጭ የሆነ አካል የማይዘው ከሆነ ክርክሩ ማለቂያ አይኖረውም።

ስለዚህ እስክሪብቶ መቺው፣ አትሥጋ፤ ለፊርማ እንኳ ቢሆን ይፈልጉሃል።

ለገሃር_አካባቢ ፦ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡26

"ለፊርማ ይፈልጉሃል" ማጽናኛ ነው ማስፈራሪያ?

ፈረሱላ ፦ ሐሙስ፣ ከጧቱ 1፡40

እኔ ይህን ፊልም አይቼዋለሁ ልጆች። ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ የመገበያያ አዳራሽ ተወካዮች ጋር ነበርኩ። ቡና በፈረሱላ፣ ዐሥራ ሰባት ኪሎዋ ይህን ያህል ብር፣ እያልን ድምፃችን እስኪዘጋ እንጮህ ነበር። ሻጭና ገዢ ሲስማሙ መዳፍ ለመዳፍ ይማታሉ፤ ያቺ ጥፊ ውል ናት። ማታ ቤቴ ስገባ ባለቤቴ ዝንጅብል አፍልታ ትጠብቀኛለች።

ከሰባት ስምንት ዓመት በኋላ ኮምፒውተር መጣ። የመጀመሪያው ቀን ዝምታው ነው ያስደነገጠኝ። ያ ሁሉ ሰው የነበረበት ሥራ፣ ኪቦርድ ብቻ ሲንጣጣ። አንዳንዶቻችን አለቀስን ብል ማጋነን አይሆንም።

ግን እውነቱን ልናገር? ጩኸቱ ውስጥ ብዙ ነገር ይደበቅ ነበር። ማን ለማን እንደጠቀሰ፣ ማን ጆሮውን እንደነካ፣ ለወዳጁ ለመሸጥ ማን አጠገቡ ያለውን እንዳልሰማ ሆኖ እንዳለፈ። ስክሪኑ ጥቅሻ አያይም። ሐዋሳ ላይ መገበያያ ማዕከል ሲከፈት ደግሞ የሲዳማው ነጋዴ አዲስ አበባ መጥቶ ሆቴል ማደሩ ቀረለት። እኔ የተጎዳሁት በድምፄ ነበር የምኖረው ስለነበርኩ ነው። አንተ ግን በዓይንህ ነው የምትኖረው፤ የነገርከን ስለ ወጣቱ እግር ነው እንጂ ስለ ድምፅህ አይደለም። እሱ ይለያል።

እስክሪብቶ_መቺው ፦ ሐሙስ፣ ከጧቱ 2፡05

ጋሼ ፈረሱላ፣ ይህንን ነው ሳስበው ያደርኩት። እግዜር ይስጥልኝ።

ሮዛ_ሆላንድ ፦ ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡30

አልስሜር፣ የአበባው ሐራጅ ያለበት ከተማ፣ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። የባቱ፣ የሆለታ፣ የሰበታ ጽጌረዳ በካርጎ እየመጣ እዚያ ይሸጣል፤ ሳጥኑ ላይ የእርሻውን ስም ሳይ ሆዴ ይባባ ነበር።

እዚያ ሐራጁ የተገላቢጦሽ ነው። ትልቅ ሰዓት አለ፤ ዋጋው ከላይ ይጀምርና ይወርዳል፣ መጀመሪያ ቁልፍ የተጫነ ይወስዳል። ቀድሞ የተጫነ ይበልጥ ይከፍላል፣ የዘገየ ያጣል። አንዱ ሽያጭ ሰከንዶች ነው የሚፈጀው። ሰው ከሚጮህበት ሐራጅ ጋር ሲነጻጸር መቶ ዓመት ቀድሞ ማሽን የገባበት ነው። ግን አጫራች አለው! ሰዓቱን ከየት እንደሚያስጀምረው፣ በምን ፍጥነት እንደሚወርድ የሚወስነው እሱ ነው። ከፍ አድርጎ ቢያስጀምር ጊዜ ያልፋል፤ ዝቅ ቢያደርግ የገበሬው ገንዘብ ይቀልጣል።

ድሮ ገዢዎቹ እንደ ስታዲየም ደረጃ በደረጃ ተቀምጠው አበባው በጋሪ ፊታቸው ያልፍ ነበር። አሁን ፎቶው ነው የሚያልፈው፤ ገዢው ቢሮው ወይ ቤቱ ሆኖ ይጫናል። ወንበሮቹ ባዶ ሆነው ሳያቸው የፈረሰ ሲኒማ ቤት ይመስሉኝ ነበር። አጫራቹ ግን አሁንም አለ፤ ጆሮው ላይ ማዳመጫ፣ ፊቱ ስክሪን።

ብዙው አበባ አሁን በሰዓቱ በኩል እንኳ አያልፍም፤ ገዢና እርሻ ቀጥታ ይዋዋላሉ። እኔ የማየው ሥጋት እሱ ነው። ሐራጁ ወደ ኦንላይን መሄዱ አይደለም፣ ሐራጅ የሚባል ነገር ማስፈለጉ መቅረቱ።

አሌክሳንድሪያ_ቪኤ ፦ ሐሙስ፣ ከምሽቱ 5፡50

ከቨርጂኒያ ነኝ፣ መኪና ነው ሥራዬ። እዚህ አጫራችነት ፈቃድ የሚጠየቅበት፣ ትምህርት ቤት ያለው ሙያ ነው። ሚዙሪ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1905 ጀምሮ አጫራች የሚያስተምር ትምህርት ቤት አለ። ምላስ ማፍታታት ነው የመጀመሪያው ትምህርት፤ ቁጥር በቁጥር ላይ እየደራረቡ፣ መሀል መሀል ላይ ትርጉም የሌለው ቃል እየሰኩ። የእኛ አዝማሪ ግጥም እስኪመጣለት መሰንቆውን እንደሚያስረዝመው ማለት ነው። መጀመሪያ ቀን የነጋዴዎች ሐራጅ ስገባ አንድ ቃል አልገባኝም፤ አጠገቤ የነበረ ናይጄሪያዊ "ቁጥሩን ብቻ ስማ፣ ሌላው ሙዚቃ ነው" አለኝ።

የተጎዱ መኪናዎችን የሚሸጠው ኮፓርት እ.ኤ.አ. በ2003 አጫራቾቹን ትቶ ጠቅላላ ኢንተርኔት ላይ ገባ። ሌሎቹም ኮቪድ ሲመጣ ተከተሉ። ውጤቱ? ድሮ የሜሪላንድን ሐራጅ የሜሪላንድ ሰው ነበር የሚገዛው። አሁን አንዲት የተጋጨች ኮሮላ ላይ ጆርጂያ ያለው፣ ሌጎስ ያለው፣ ዱባይ ያለው አብሮኝ ይጫረታል። ለሻጭ ሠርግ ነው። ለእኔ ለቅሶ።

አንድ ጊዜ (የት እንደሆነ አልናገርም) በፎቶ አይቼ ቶዮታ ራቭ ፎር ገዛሁ። አሥር ፎቶ ነበረው፣ ሁሉም ንጹሕ። መኪናው ሲመጣ በሩን ከፈትኩት፤ የጎርፍ ውኃ ገብቶበታል። ጓዳ ውስጥ ተረስቶ የከረመ እርጥብ ፍራሽ ይሸት ነበር። ሽታ በፎቶ አይመጣም። አዳራሽ ውስጥ ብሆን ኖሮ አፍንጫዬ ይነግረኝ ነበር። ደውዬ ብጮህ "መግለጫው ላይ እንዳለ ነው የሚሸጠው ይላል" አሉኝ።

ኮድ_ቀማሪው ፦ ሐሙስ፣ ከምሽቱ 6፡35

ሁላችሁም ሲስተሙን እንደ ጠላት አያችሁት፤ ከዚያ ወገን ልናገር። እንዲህ ዓይነት ሲስተም ሠርቻለሁ።

እስክሪብቶ መቺው፣ ጥሩ ታሪክ ነው የነገርከን፤ ግን ራስህ ላይ ነው የመሰከርከው። ሰባቱ ሰዎች ተስማምተው መግባት የቻሉት ለምንድን ነው? ክፍሉ ውስጥ ስለሚተያዩ! የተካፈለውን ብር ይዞ የሚጨምር ካለ ወዲያው ያዩታል። ያ ወጣት መቶ ሺህ ሲል ስድስት ሰው ዞሮ አይቶታል፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ሐራጅ ላይ ማን አስጠግቶት ይሆን? በሰባት ሐራጅ ስድስቱ ላይ እግሩን የሚያወዛውዝ ሰው የለም፤ እነዚያን ስድስቱን አልነገርከንም። ሲስተሙ ላይ ተጫራቹ ስም የለውም፣ "ተጫራች 4" ነው። ኮሪደር ላይ ብር ተቀብሎ "አልጨምርም" ያለው ሰው ማታ አልጋው ላይ ሆኖ ሊጨምር ይችላል፣ ማን እንደሆነ አይታወቅም። እንዲህ የሚያውቅ ማኅበርተኛ ደግሞ ከመጀመሪያውም ብሩን አይከፍልም። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ የሐራጅ ጥናት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፣ በ2020 የኢኮኖሚክስ ኖቤልን ሚልግሮምና ዊልሰን የወሰዱት በዚሁ ነው።

ከባዱ ሌላ ነው። ሐራጁ ልክ አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል ካልክ ሁሉም አድፍጦ የመጨረሻዋ ሰከንድ ላይ ይተኩሳል፤ ኢቤይ በሚባለው የኢንተርኔት ጨረታ ገበያ ላይ ከድሮ ጀምሮ ያለ በሽታ ነው። መድኃኒቱ በመጨረሻ ደቂቃዎች ላይ ጭማሪ ከመጣ ሰዓቱ በራሱ ይራዘማል፣ ዝም እስኪባል ድረስ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ጥሪ ማለት እኮ ነው! የአንተን ሥራ ነው ኮድ አድርገን የጻፍነው።

የበረንዳው_ነጋዴ ፦ ሐሙስ፣ ከምሽቱ 6፡50

ኮድ ቀማሪው ብልጥ ነህ፤ ግን አገሩን ረሳኸው። አሸናፊው በማን ስም ካርታ ያዞራል? በሳምንቱ ክፍለ ከተማ ላይ ስሙ አለ። የከዳንን ሰው በሳምንቱ እናውቀዋለን።

ኮድ_ቀማሪው ፦ ሐሙስ፣ ከምሽቱ 6፡54

በአጎቱ ልጅ ስም ይገዛል።

የበረንዳው_ነጋዴ ፦ ሐሙስ፣ ከምሽቱ 6፡55

...እሺ ይሄስ አለ።

እስክሪብቶ_መቺው ፦ ዓርብ፣ ከጧቱ 12፡45

@ኮድ_ቀማሪው ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። እውነትህን ነው፣ ስድስቱን አልነገርኳችሁም። ጣሪያ እያዩ፣ አምስት ሺህ ብር ተጨምሮ፣ ሦስተኛ ጥሪ ብዬ እስክሪብቶዬን የመታሁባቸው ብዙ ናቸው። ከዚያ ቢሮዬ ገብቼ ቃለ ጉባኤ እጽፋለሁ፣ "ሐራጁ በሥርዓቱ ተካሂዷል" እላለሁ። በሥርዓቱማ ተካሂዷል። ሰው የሚያስታውሰው የረታበትን ነው።

ሥዕል_ወዳጅ ፦ ዓርብ፣ ከቀኑ 5፡20

ሁለታችሁንም የሚያስታርቅ ነገር አለ። ሶዝቢስ፣ እ.ኤ.አ. በ1744 ለንደን ላይ የተመሠረተው ሐራጅ ቤት፣ በ2020 ኮቪድ አዳራሹን ሲዘጋበት አጫራቹን ለንደን ውስጥ ስክሪን በተደረደረበት ክፍል አቆመው። ከኒውዮርክና ከሆንግ ኮንግ ስልክ የያዙ ባልደረቦቹ በስክሪን ይታዩታል፤ ሌላው በኢንተርኔት ይጫረታል። የፍራንሲስ ቤከን ሥዕል ከ84 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣ። ሰዓት ቆጣሪ ማስቀመጥ አቅቷቸው ነው? ገንዘቡ ሲከብድ ሰውየውን አላወረዱትም። ለአይሱዙና ለሊጥ ማቡኪያ ግን ማን ይቸገራል፤ የሚያሳዝነው እሱ ነው።

የጽጌ_ልጅ ፦ ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡12

ልጽፍ አልጽፍ እያልኩ ሁለት ቀን አነበብኳችሁ።

የአባቴ ቤት በሐራጅ ተሽጧል። በአንዱ ባንክ፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት። ለወንድሜ ንግድ መያዣ አድርጎት ነበር። ሐራጁ ቀን አትሂድ ብንለው አልሰማ አለ፣ ሄደ። እኔም ተከተልኩት። ከኋላ ተቀመጥን። ጋቢውን ለብሶ ነበር፣ እንደ ለቅሶ ቤት። አጫራቹ የካርታ ቁጥሩን ሲያነብ አባቴ ከአፉ ቀድሞ በከንፈሩ ይለዋል፤ በቃሉ ያውቀዋል። አዋሳኙ ላይ የጎረቤታችን የወይዘሮ ስም ሲጠራ ፈገግ አለ። ከዚያ ጥሪው። አንደኛ። ሁለተኛ። ያ ሰውዬ ሦስተኛውን ከማለቱ በፊት ለአፍታ አባቴን አየው፣ ዓይኑን መለሰና መታው።

እኔ ኦንላይን ይሁን ባይ ነኝ። አባቴ ያንን ድምፅ እስኪሞት ድረስ በር ሲንኳኳ ይሰማው ነበር።

እስክሪብቶ_መቺው ፦ ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡58

እህቴ፣ ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን። የምለው የለኝም። ባለቤቶቹ ሲመጡ አውቃቸዋለሁ፤ ሰነዱን ሳነብ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ልክ እንዳልሽው።

ዘማሪ_በዕድሉ ፦ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9፡00

ነገሩን ቀለል ላድርገው። እኔም አጫራች ነኝ፣ ግን የደብር። ለንግሥ፣ ለሕንፃ ማሠሪያ ገቢ ሲሰበሰብ ጥላውን፣ የመድኃኔዓለምን ሥዕል፣ አንዳንዴም ድፎ ዳቦውን የማጫርተው እኔ ነኝ። የእኛ ጨረታ ላይ ዋጋ የሚባል ነገር የለም። ሁለት መቶ ብር የማያወጣ ዳቦ አርባ ሺህ ይደርሳል። ለምን? እነ እገሌ እያዩ ነዋ! "የሜክሲኮ ሰፈር ማኅበር አርባ ሺህ ብሏል፣ የሳር ቤት ማኅበር ዝም ሊል ነው?" ስል ማን ዝም ይላል። አሁን ቲክቶክ ላይቭ ላይ አደርገዋለሁ፤ አንዱ ከዴንቨር፣ አንዷ ከቤይሩት። በረከቱ አይቀንስም፣ ገንዘቡ ጨምሯል። ግን ስሙን እየጠሩ የሚያሞግሱት ሰው ያስፈልጋል። ስም የሌለው "ተጫራች 4" ዳቦ አይገዛም።

ሻርጃ_ነዋሪ ፦ ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡15

ዘማሪ እውነቱን ነው። በ2023 ዱባይ ላይ "ፒ 7" የሚባል የመኪና ሰሌዳ ለበጎ አድራጎት ተጫርቶ 55 ሚሊዮን ድርሃም ወጣ። ያንን ማን ብቻውን አልጋው ላይ ሆኖ ይጫነዋል? ለሕዝብ ነው የሚከፈለው።

በነገራችን ላይ ሐራጅ የምንለው ቃል የዐረቦቹ ነው። እዚህ ሻርጃ ያገለገለ መኪና የሚሸጥበት "ሱቅ አል ሐራጅ" አለ። አገር ቤት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ማስገባት እስኪከለከል ድረስ ሐበሻ እዚያ አይጠፋም ነበር። አሁን የምሰማው ግን ሳዑዲ ውስጥ ወጣቶቹ ሐራጅ ሲሉ አፕሊኬሽኑን ነው፤ ገበያውን አይደለም።

እስክሪብቶ_መቺው ፦ ከሦስት ወር በኋላ፣ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም በድጋሚ። ጠይቃችሁኝ ነበርና፣ የመጀመሪያው ሙከራ ባለፈው ዓርብ ሆነ። አንድ አይሱዙ፣ አንድ ዶልፊን ሚኒባስ፣ አንድ የእንጨት መሰንጠቂያ ማሽን።

አይሱዙው ላይ አሥራ አራት ሰው ተመዘገበ። በአዳራሹ ቢሆን አምስት፣ ቢበዛ ስድስት ነበር። አንዱ ከወልዲያ፣ አንዱ ከአሶሳ። ሰዓቱ ሰባት ጊዜ ተራዘመ። ኮድ ቀማሪው፣ ልክ ነበርክ፤ መሀል ላይ መጨመር አቁመው የነበሩ ሁለት ተጫራቾች መጨረሻ ላይ ሲነሱ አየሁና ለብቻዬ ሳቅሁ። እግር ባይታየኝም እግር ሲወዛወዝ ታወቀኝ።

ማሽኑን ግን አንድም ሰው አልነካውም። ለምን ብዬ ገጹን ስከፍት ፎቶው ጨለማ ነው። መጋዘን ውስጥ፣ አምፖል ሳይኖር፣ በራሴ ስልክ ያነሳሁት። ማሽን ይሁን የተደፋ ቁም ሣጥን አይለይም። አሥራ አንድ ዓመት አጫርቼ በፎቶ ተሸነፍኩ።

አንድ ሽማግሌ ደግሞ ሲፒኦአቸውን በፖስታ ይዘው ቢሮ መጡ። ማስታወቂያው ላይ ኦንላይን ይላል አባቴ ብላቸው "እሱማ አንብቤያለሁ፣ ኦንላይኑ የት ክፍል ነው?" አሉኝ። አስመዘገብኳቸውና ከኮምፒውተሬ አጠገብ ተቀመጡ። ሚኒባሱን ነበር የፈለጉት፤ ለልጃቸው። ቁጥሩ ሲጨምር "ማነው ይሄ?" ይሉኛል። ተጫራች 9 ነው እላቸዋለሁ። "ፊቱን ባየው ማቆሚያውን አውቅ ነበር" አሉ። ሰዓቱ ወደ መጨረሻው ሲወርድ እኔ ሳላስበው አፌ "አንደኛ ጥሪ" አለ። ክፍሉ ውስጥ ከእሳቸውና ከእኔ በቀር ማንም የለም።

ጠበቃ_ከልደታ ፦ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡52

ቃለ ጉባኤውን ማን ፈረመው?

እስክሪብቶ_መቺው ፦ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡55

እኔ። ሲስተሙ ያተመውን ወረቀት፣ ሦስት ገጽ፣ ሦስቱም ላይ።

የጽጌ_ልጅ ፦ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡04

ሽማግሌው ሚኒባሱን አገኙት?

እስክሪብቶ_መቺው ፦ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡11

አላገኙትም እህቴ፤ ተጫራች 9 በሃያ ሺህ በለጣቸው። ሲፒኦአቸውን ሰኞ መለስኩላቸው። የማሽኑ ሁለተኛ ሐራጅ በቅርቡ ይወጣል፤ እንደገና ፎቶ ላነሳው ነገ ቃሊቲ እሄዳለሁ። ጨለማ ላይ ደህና የሚያነሳ ስልክ ያላችሁ ለግማሽ ቀን ብታውሱኝ፣ ምሳ በእኔ ነው።

ለገሃር_አካባቢ ፦ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡13

ስልኩ አለኝ። መነሻው ክትፎ ነው፤ የሚጨምር አለ?